የማትስ ፒኤችዲ ድሮና ዘንድሮ

[ምስል፦ ጎንደር፣ ፒያሳ። ድምፅ ይገባል]

ጎንደር ውስጥ «በማትስ ፒኤችዲ እየሠራሁ ነው» ያለ ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። «መቼ ነው የምትጨርሰው?» እና «ማትስ ግን አላለቀም እንዴ?» ማትስ አላለቀም፣ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን። ዛሬ ወሬያችን ስለ ዲግሪው ነው፤ ድሮ እንዲህ አልነበረማ!

[ምስል፦ የጋውስ ሥዕል]

በፈረንጆች 1799። ጀርመናዊው የማትስ ሊቅ ጋውስ ገና 22 ዓመቱ ነው። የተማረው ጎቲንገን፣ ዶክተር ያለው ግን ሄልምሽቴት የሚባል ሌላ ዩኒቨርሲቲ። ጽሑፉን ላከ፣ የቃል ፈተናውን ተዉለት፣ እሱ በሌለበት ዲግሪው ጸደቀ። አለቀ። ኮርስ የለ፣ ፕሮፖዛል የለ። ደግሞ የሚገርመው፣ ያ ስለ አልጀብራ መሠረታዊ ቴረም የጻፈው ማረጋገጫ ክፍተት ነበረበት፤ የደፈነለት ኦስትሮቭስኪ ነው፣ በ1920። ዛሬ ቢሆን ኮሚቴው «አስተካክለህ ና» ብሎ ይመልሰው ነበር።

ሩሲያዊቷ የማትስ ሊቅ ሶፊያ ኮቫሌቭስካያም በ1874 ከጎቲንገን ዲግሪዋን ያገኘችው በሌለችበት ነው። የእሷ መንገድ ግን ከባድ ነበር። በርሊን ሴት ክፍል ስለማያስገባ እዚያ የማትስ ፕሮፌሰር የነበረው ዋየርሽትራስ ለዓመታት በግል አስተማራት፣ እሷም አንድ ሳይሆን ሦስት ጽሑፍ አቀረበች።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተቀየረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች መምህሩና ተማሪው አብረው የሚመራመሩበትን ሴሚናር አስፋፉ። ይሄ ለጎንደር ሰው አዲስ አይደለም፤ የአቋቋም ተማሪ ከስንት አገር ተነስቶ በአታ ድረስ የሚመጣው መምህሩ ሥር ተቀምጦ ሊያስመሰክር ነው፣ በኋላም «የማን ተማሪ ነህ?» ይባላል። የማትስ ሰዎችም እስከ ዛሬ ይሄንኑ ይጠያየቃሉ።

አሜሪካ ከጀርመን ቀዳች። የመጀመሪያው ፒኤችዲ ዬል ላይ በ1861 ተሰጠ። እንግሊዝ ዘገየች፤ ሕንዳዊው የማትስ ሊቅ ራማኑጃን እንኳ ካምብሪጅ በ1916 ለምርምሩ የሰጠው የባችለር ዲግሪ ነው፣ ፒኤችዲ ገና አልነበረማ። ወደዚያ ያስመጣው ሃርዲ ራሱ ፒኤችዲ አልነበረውም። በማትስ ፒኤችዲ በማግኘት የመጀመሪያው ጥቁር ኤልበርት ኮክስ ነው፣ ኮርኔል፣ 1925።

[ምስል፦ የጽሕፈት መኪና፣ በእስክሪብቶ የተሞላ ቀመር]

ከዚያ የወረቀቱ ዘመን። የአሜሪካዊው የማትስ ሊቅ የጆን ናሽ የ1950 የፒኤችዲ ጽሑፍ 30 ገጽ አይሞላም፣ በኋላ ግን የኖቤል ሽልማት መሠረት ሆነ። ያኔ ጽሑፉ በመኪና ይመታል፣ መኪናው የማያውቀው ምልክት ቦታው ክፍት ይተዋል፣ ከዚያ ተማሪው ቁጭ ብሎ ኢንቴግራሉን በእጁ ይስላል። አንድ ገጽ ላይ ስህተት ከተገኘ ገጹ እንደገና ይመታል። ዛሬ ላቴክ የሚባል ቀመር መጻፊያ ሶፍትዌር አለ። ከ1991 ጀምሮ ደግሞ አርካይቭ የሚባል የምርምር ጽሑፎች ድረ ገጽ አለ፤ አሜሪካ ፕሪንስተን ያለውም እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ያለውም አዲሱን ጽሑፍ በነፃ ያወርዳል፣ ኔት ካለ።

ግን ቀለለ ማለት አይደለም። አሜሪካ ኮርሱና ማጣሪያ ፈተናው ተደምሮ አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል፣ አውሮፓ ከማስተርስ በኋላ ሦስት አራት። ብዙ ቦታ ዲፌንስ፣ ማለትም ጽሑፍህን ኮሚቴ ፊት መከላከል፣ ብቻ አይበቃም፣ ጆርናል ላይ ፐብሊሽ አድርግ ትባላለህ፤ የማትስ ጆርናል ደግሞ አንድ ጽሑፍ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያቆይ ይችላል። ለእኔ ትልቁ ጣጣ ይሄ ነው።

እኛ አገር ለብዙ ጊዜ ፒኤችዲ ማለት ውጭ መሄድ ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማትስ ያስተምራል። ልታመለክቱ ያሰባችሁ፣ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት አድቫይዘሩን አጣሩ። ስንት ተማሪ ይዟል? የበፊቶቹ በስንት ዓመት ጨረሱ? ተማሪዎቹን ራሳቸውን ጠይቋቸው፣ ይነግሯችኋል።