ጋዙ ጅማ ከመድረሱ በፊት፦ ስለ ማጠራቀሚያው፣ ስለ ውሉና ስለ ቆጣሪው

የተከበራችሁ የከተማችን አስተዳደር ኃላፊዎች፣ ቡና አቅራቢዎችና የእጥበት ጣቢያ ባለቤቶች፣ የሆቴልና የዳቦ ቤት ባለንብረቶች፣ መምህራንና ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ።

በ2018 ዓ.ም መስከረም ወር በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል። የተነገረለት አቅም በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ነው። ለጆሮ ብዙ ይመስላል። አንድ ሊትሩ ግን 450 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ ጠቅላላው 50 ሺህ ቶን ገደማ ነው። 18 ቶን በሚጭን ቦቴ ብናካፍለው በቀን ከ7 እስከ 8 ቦቴ ይደርሳል፤ ያውም ለመላው አገር። ጅማ ከዚህ ላይ ድርሻ እንድታገኝ ከፈለግን ማጠራቀሚያውን፣ ውሉንና ቆጣሪውን ከወዲሁ ማሰናዳት ይኖርብናል።

ቱቦ ለምን አይዘረጋልንም የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። የቱቦ ስፋት በእጥፍ ሲያድግ የሚያሳልፈው ጋዝ ከ5 እጥፍ በላይ ይጨምራል፤ ወጪው ግን በዚያ ልክ አይንርም። ስለዚህ ቱቦ የሚያዋጣው ብዙ ጋዝ ለሚወስድ ገበያ ነው። ከካሉብ እኛ ጋ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመንገዱ ላይ ግፊቱን የሚመልሱ የኮምፕሬሰር ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ። የኛ ፍጆታ ይህን ሁሉ አይሸከምም፤ የሚሆነን በቦቴ የሚመጣው ነው።

የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሜቴን የሚባለው ጋዝ ነው። ሜቴን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሲደርስ ፈሳሽ ይሆናል፤ የሚይዘው ቦታም 600 ጊዜ ያህል ያንሳል። ከዚያ በፊት ውሃውና ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ካልወጡለት በማቀዝቀዣው ውስጥ በረዶ ሆነው መስመሩን ይደፍናሉ፤ ሜርኩሪ ካለበትም የአሉሚኒየሙን ክፍል ይበላዋል። ይህ የአምራቹ ሥራ ነው። የኛ ሥራ የሚጀምረው ቦቴው ጅማ ሲገባ ነው።

ጋዙን የምንቀበልበት ጣቢያ ባለ ሁለት ግድግዳ ማጠራቀሚያ፣ ፈሳሹን ወደ ጋዝ የሚመልስ ማትነኛ፣ የግፊት መቀነሻ፣ ሽታ መጨመሪያና ቆጣሪ ያስፈልገዋል። በማጠራቀሚያው ሁለት ግድግዳዎች መካከል አየሩ የተመጠጠ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ሙቀት ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ ፈሳሹም በቀን ከመቶ 0.1 እስከ 0.3 ያህል ይተናል። ተጠቃሚ ከሌለ ግፊቱ ይጨምርና ሴፍቲ ቫልቩ ጋዙን ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ገንዘብ ይባክናል፤ ከዚያም በላይ ሜቴን በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል።

ማትነኛው ሙቀት የሚወስደው ከአየር ነው። እርጥበት በሚበዛበት በኛ አየር ክንፎቹ ቶሎ በረዶ ይለብሳሉ፤ ስለዚህ ሁለት ማትነኛዎች በየተራ መሥራት አለባቸው። አንድ ብቻ ገዝቶ መቆጠብ ቁጠባ አይደለም። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው፣ በሁለት የተዘጉ ቫልቮች መካከል የቀረ ፈሳሽ ሲሞቅ ቱቦውን መቅደዱ ነው። በእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ክፍል ላይ የራሱ ማስተንፈሻ ቫልቭ ይኑር።

ፈሳሹ ቢፈስ ቀዝቃዛው ጋዝ መጀመሪያ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ወደ ላይ የሚወጣው ከሞቀ በኋላ ነው። በማጠራቀሚያው ዙሪያ ማገጃ ግድግዳ እንጂ ወደ መንገድ የሚወስድ የጎርፍ ቦይ መኖር የለበትም። የእሳት አደጋ ሠራተኞቻችንም የመጀመሪያው ቦቴ ሳይመጣ ይሠልጥኑ፤ የፈሰሰው ላይ ውሃ መርጨት ትነቱን ያፋጥነዋል፣ እሳቱ የሚጠፋው በደረቅ ዱቄት ነው።

ወደ ቡናው ልምጣ። የታጠበ ቡና 53 ከመቶ ያህል እርጥበት ይዞ ወጥቶ ወደ 11 ከመቶ መውረድ አለበት። ለአንድ ቶን ደረቅ ቡና 900 ኪሎ የሚጠጋ ውሃ ይወጣል ማለት ነው። ማድረቂያው ለአንድ ኪሎ ውሃ 5 ሜጋ ጁል (የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) ይፈጃል ብለን ብናሰላ 90 ኪሎ ገደማ ፈሳሽ ጋዝ ይበቃል፤ አንድ ቦቴ 200 ቶን ቡና ያደርቃል። ፀሐይ ባለበት ቀን አልጋው ላይ ማድረቁ ይቀጥል፤ ጋዙ የሚያስፈልገው ዝናብ ሲከብደን ነው፤ የፍሬው ሙቀትም ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ።

እዚህ ላይ ውሉ ይመጣል። የጋዝ ሻጭ ብዙ ጊዜ ወሰድክም አልወሰድክም ትከፍላለህ የሚል አንቀጽ ያስገባል። ቡናችን የሚደርቀው በጥቂት ወራት ነው። ጥቅምትና ኅዳርን አይቶ ለዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት መጠን የፈረመ ሰው ክረምቱን በሙሉ ላልተጠቀመበት ጋዝ ይከፍላል። ስለዚህ በየወሩ የሚለያይ መጠን ይጻፍ፤ ዓመቱን ሙሉ የሚያቃጥሉ ዳቦ ቤቶችና ሆቴሎችም ከቡና ጣቢያዎቹ ጋር በአንድ ውል ይግቡ። ይህ ማጠራቀሚያው ሥራ እንዳይፈታም ይረዳል።

በቡታጋዝ የምትሠሩ ሆቴሎች ምድጃውን እንዳለ ማገናኘት አትችሉም። የሜቴን ሙቀት በሜትር ኩብ ሲለካ በቡታጋዝ ውስጥ ካለው ከፕሮፔን ግማሽ በታች ስለሆነ ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ (ኖዝሉ) ይቀየራል። ቡታጋዝ ሲያፈተልክ ወደ ታች ይተኛል፣ ሜቴን ወደ ላይ ይወጣል፤ አየር ማስወጫውና የጋዝ ጠቋሚው ጣሪያው አጠገብ ይሁን።

የመጨረሻው ቆጣሪው ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየር ግፊታችን 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፣ በባሕር ጠለል ግን 101 ነው። ዝቅተኛ ግፊት ላይ የተተከለ ተራ ቆጣሪ 100 ሜትር ኩብ ሲያሳይ በመደበኛው መለኪያ የተረከባችሁት 82 ገደማ ነው። ግፊትና ሙቀት የሚያርም መሣሪያ የሌለው ቆጣሪ አትቀበሉ፤ ዋጋውም በሜጋ ጁል ይጻፍ። ቦቴው ሲገባም ሲወጣም ይመዘን፤ ታንኩን ቀዝቃዛ ለማቆየት ይዞት የሚመለሰው ጋዝ ከሂሳባችሁ ይቀነስ።

አመሰግናለሁ።