ማጣሪያ ካለህ ለምን አጥፊው ትለኛለህ?

እሺ... ይቀዳል? ቀዩ በርቷል፣ አዎ።

ሰላም ናችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ የጎረነነው ጉንፋን ይዞኝ ነው፤ «አልቅሰህ ነው እንዴ» የምትሉኝ ልጆች ዛሬ እረፉ። ምርኩዙም፣ ባለ ሦስት እግሩ የካሜራዬ መቆሚያ፣ ደኅና ነው። ሦስተኛ እግሩ እንደ ታሰረ ነው፣ ፕላስተሩን ብቻ ቀይሬለታለሁ። አዲስ አልገዛሁም፣ አልገዛምም።

ባለፈው የለጠፍኳትን ፎቶ አይታችኋል። የአያቴ የእናና ቤት፣ ከጀርባው ባሕር ዛፉ፣ ከዛፉ በላይ ፍኖተ ሐሊብ ዐቅራብ ከሚባሉት ኮከቦች ጅራት ጀምሮ ተዘርግቶ። ቆንጆ ናት፣ አልክድም። ከዚያ ወዲህ የሚመጣልኝ መልእክት ግን አንድ ዓይነት ሆነ። «ፊልተሩ ምንድን ነው?» «ጀማሪ ነኝ፣ የብርሃን ብክለት ፊልተር ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻለኛል?» ለአንዳችሁም አልመለስኩም። ንቄ አይደለም። ልጽፍ ስልኬን አነሣና እናና ትመጣብኛለች።

እንግዲህ ቶሎ ልበለውና ልገላገል። የብርሃን ብክለት ማለት የመብራት ብርሃን ሰማዩን አንጥቶ ኮከቡን ሲጋርድ ነው። ይሄ ፊልተር የሚባለው፣ ሌንስ ፊት የሚገጠመው መስታወት፣ የተሠራው ለድሮው ቢጫ የመንገድ መብራት ነው። ሶዲየሙ። እሱ ብርሃኑን የሚረጨው በአብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ 589 ናኖ ሜትር አካባቢ፤ የብርሃን ቀለም የሚለካው በዚህ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ውስጥ ዲዲሚየም የሚባል ነገር ይጨምሩበትና ያቺን ቢጫ ብቻ እንዲውጥ ያደርጉታል፣ ሌላው ያልፋል። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን በየከተማው ቢጫው እየወረደ ነጩ ኤልኢዲ እየተሰቀለ ነው። ኤልኢዲ ደግሞ 450 ላይ ሰማያዊ ጉብታ አለው፣ ከዚያ እስከ ቀዩ ድረስ ሁሉንም ያዳርሳል። ኮከብም ሁሉንም ያዳርሳል። መስታወቱ የአምፖሉን ከኮከቡ በምን ይለየው? ስንዴና ገብስ ተቀላቅሎ ቢፈጭ በወንፊት ትለየዋለህ?

ጠባቦቹም አሉ፣ 656 እና 501 ላይ ብቻ ቀዳዳ ትተው ሌላውን የሚዘጉት። እነሱ ለኔቡላ ነው፣ ለሚያበራ ጋዝ። ለፍኖተ ሐሊብ ብትገጥሟቸው ኮከቦቹን ራሳቸውን ትጥላላችሁ። በዚያ ላይ ያልተነካካ ካሜራ የ656ቱን ቀይ አብዛኛውን እዚያው ሴንሰሩ ፊት ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ... አትግዙ ልል ነበር። ግን እኔ ገዝቻለሁ። ከውጭ በሰው ሻንጣ ነው ያስመጣሁት። ዋጋውን አልናገርም፣ እኅቴ ትሰማለች።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ይሄ ከፊልተር ይበልጣል። ለፋሲካ አገር ቤት የምትገቡ ልጆች፣ በማግስቱ አትመለሱ። እስከ ዳግም ትንሣኤ ቆዩ። ፋሲካ የሚውለው ጨረቃ ሞልታ መጉደል ከጀመረች በኋላ ነው አይደል? እንግዲህ ዳግም ትንሣኤ ላይ ስትደርሱ ወይ ልትጠፋ ነው ወይ ገና ብቅ እያለች ነው። በየዓመቱ! ባሕረ ሐሳብ የሚያስቡት አባቶች ሳያውቁት ለእኛ ለፎቶ አንሺዎች ቀን ቆርጠውልናል። ወሩም ጥሩ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ ዐቅራብና ጎረቤቱ ቀውስ እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ከወደ ደቡብ ምሥራቅ ብቅ ይላሉ። እናና ቤት ደግሞ ደቡብ ምሥራቅ ማለት የዓባይ በረሃ ነው፤ ጨለማ ነው፣ ገደል። የደብረ ማርቆስ መብራት ከጀርባ ነው የሚቀረው። ክረምቱ ከገባ ግን እርሱት፣ ጎጃም ላይ እስከ መስከረም ኮከብ በሕልም ነው።

እና እዚያ ነበርኩ። ጎጃም፣ ከሉማሜ ከተማ ወጣ ብሎ።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ምርኩዙን ግቢው ውስጥ አቁሜአለሁ፣ ሌንሱ 18 ሚሊ ሜትር ላይ፣ 17 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 3200። ፊልተሩን ገጠምኩ፣ አነሣሁ። እና... ሐምራዊ። ሰማዩ ሁሉ ሰማያዊ ሐምራዊ ሆኖ፣ ግድግዳው እንደ ኖራ በርቶ፣ ባሕር ዛፉ ላይ ነጭ ጭጋግ። ዞር ስል ደጃፉ ላይ ያቺ አምፖል አለች። ዘጠኝ ዋት። ኤሌክትሪክ የገባው አምና ነው፣ ውጭ ያሰቀለቻት ራሷ ናት።

ገባሁ። መደቡ ላይ ጋደም ብላለች፣ አልተኛችም። «እናና፣ የውጪውን መብራት ትንሽ አጥፊልኝ፣ ብክለት ሆነብኝ» አልኳት።

«ምን ሆነብህ?»

«ብክለት። የብርሃን ብክለት።»

ቀና አለች። «ምነዋ? እንደ ምንጩ ውሃ?»

ይሄን ቃል የምታውቀው ከጤና ኤክስቴንሽኗ ነው። ምንጩ ተበክሏል፣ ሳታጣሩ እንዳትጠጡ ተብለዋል። እኔ ጅሉ ደግሞ ደስ አለኝ! ገባት ብዬ! «አዎ፣ ልክ እንደሱ። እኔም ማጣሪያ አለኝ እኮ» ብዬ ፊልተሩን ከካሜራው ፈትቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። በነጠላዋ ጫፍ ነው ዳሩን የያዘችው፣ እንደ ትኩስ ስኒ። ብቻ አውራ ጣቷ መስታወቱን ነካ፤ ጠጉሯን ቅቤ ተቀብታ ነበር። ወደ በሩ ወጣ ብላ ወደ አምፖሏ አነጣጥራ አየችበት። አየችበት... ቆየች። ከዚያ መለሰችልኝና፣ በቁጣ አይደለም እሺ፣ ዝም ብላ የገባትን ነው የጠየቀችኝ፦

«ታዲያ ማጣሪያ ካለህ ለምን አጥፊው ትለኛለህ?»

...

መልስ የለኝም። እስካሁን የለኝም። አምፖሏ ኤልኢዲ ናት፣ 450፣ ጉብታ፣ ይሄን ልበላት? የሆነ ነገር አንተባተብኩ፤ «ይሄ ለቢጫው ነው እናና፣ ያንቺ ነጭ ነው» መሰለኝ ያልኩት። «እንዲያ ነው?» አለችና ገብታ አጠፋችው። ቀጭ።

ጨለማው እንዴት እንደሆነ ለመናገር... አልሞክርም፣ ፎቶዋን አይታችኋል። ያለ ፊልተር ናት ፎቶዋ። ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሱ ይሄው።

ግን እሱ አይደለም። እናና ጋቢዋን ደርባ ዱላዋን ይዛ ወጣች፣ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ኮከብ ልታይ መጣች ብዬ! አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰበካውን ለቀቅሁት። «ይሄ ዐቅራብ ነው፣ ያ ቀውስ። ያ ደመና የሚመስለው ደመና አይደለም። ከመካከሉ ብርሃን ተነሥቶ እኛ ጋ እስኪደርስ 26 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።» «እንዲያ ነው?» ትላለች። ዐቅራብ ስላት ብቻ ሣቀች፣ ደብተራው የአጎቴን ኮከብ ቆጥሮ ዐቅራብ ብሎት ስለነበር። «እሱስ አናዳፊ ነው» አለች። አንዴ ደግሞ «ኮከቡማ ድሮም አለ። መብራቱ ነው አምና የመጣው» አለች። እኔ ይሄን እንደ ቀልድ ነው የሰማሁት። ውሻው አንድ ሁለቴ አጉረመረመ፣ በዱላዋ መሬቱን መታ አደረገች። ሁለት ሰዓት ሙሉ። እስክጨርስ አልገባችም። እኔማ በልቤ «እናናን ሥነ ፈለክ አስወደድኳት» እያልኩ ነው።

ጠዋት የአጎቴ ልጅ፣ ትንሹ፣ ቁርስ ላይ «ማታ እናና ጥጃዋን ስትጠብቅ አመሸች» አለ። እንደ ዋዛ ነው ያለው፣ አፉ ዳቦ ሞልቶ። ለካ በጾሙ ጅብ ከጎረቤት ፍየል ወስዷል። መብራቱ ውጭ የተሰቀለው ለዚያ ነው። ጋጣው እኮ ከእኔ በስተግራ ነው፣ እሷ ደግሞ ስትናገርም ስትሰማም ፊቷ ወደ ግራ ነበር። ወደ ሰማይ ያየችው ስንቴ ነው? ያቺን ማታ መላልሼ ሳያት... አንዴ። ዐቅራብ ስላት።

ወይም ሁለቴ። ጨለማ ነበር፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ምናልባት እኮ ሁለቱንም እያየች ነበር። ሰው ጥጃ እየጠበቀ ኮከብ ማየት ይችላል። እረኞች ሁሉ...

አይ፣ ተዉት፣ ወደዚያ አልሄድም።

ብክለቱ ውሸት ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፤ ከሥራቸው አዲስ አበባ ታበራለች፣ በየዓመቱ ትሰፋለች። እሱ ችግር ነው። ግን ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ «የብርሃን ብክለት» ስል ማን ላይ እንደምናገር... ለዘጠኝ ዋት ስንት ዓመት የጠበቀን ሰው ቤት ገብቼ... ቃሉን ማለቴ ነው እንጂ ማጥፋቷን አይደለም፤ ማጥፋቱንማ «ለፎቶ ነው» ብላት ታጠፋልኝ ነበር። ወይስ ማጥፋቷንም ነው? ጥጃዋ ደኅና ናት፣ በነገራችን ላይ። ምንም አልሆነችም። አድጋለች።

እሑድ ደወልኩላት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ አጎቴ ጉልበት አወራን። ልንዘጋ ስንል «ያ ማጣሪያህስ፣ ሠራልህ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሠራ» አልኳት።

ለምን እንደዋሸኋት እኔ እንጃ። «እሰይ» አለች፣ ደስ ብሏት። እና አሁን እንዴት አድርጌ...

ለማንኛውም። ፊልተር ፈላጊዎች፣ የኔው አለ። 58 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሳጥኑም አለ፣ አልተጫረም። መስታወቱ ዳር ላይ ትንሽ የቅቤ አሻራ አለበት፣ በጨርቅ ይለቃል። እኔ አልጠረግኩትም እንጂ።