የሲስተም ኢሜጅ መመለሻ ቡታብል ዲስክ አዘገጃጀት

ጤና ይስጥልን፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። ዛሬ ከደሴ የምናቀርብላችሁ ሲስተም ኢሜጅን ወደ ኮምፒውተር ለመመለስ የሚያገለግለውን የቡታብል ዲስክ (የራሱ ዊንዶውስ ባይሠራም ኮምፒውተሩን የሚያስነሳ ሲዲ ወይም ፍላሽ) አሠራር ነው። ኢሜጅ ማለት ዊንዶውሱን፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝና የሒሳብ መዝገቡን ፒችትሪ ከነማስተካከያው የሚይዝ ሙሉ ቅጂ መሆኑን ስለምታውቁ አልመለስበትም።

አንድ ጥያቄ ግን ደጋግሞ ስለሚደርሰን ቅድሚያ ልስጠው። «ቡታብል ዲስኩን ከሠራሁ በኋላ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ ላይ ያለውን ኢሜጅ ላጥፋው ወይ?» የሚል ነው። እባካችሁ አታጥፉት! ቡታብል ዲስኩ ላይ ኢሜጁ የለም። የለም ስል፣ በጭራሽ የለም።

እስቲ በምናውቀው መንገድ እንየው። የቤት ዕቃችሁ በሙሉ የታሸገበት ኮንቴይነር ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ተቀምጧል፤ ባዶው ቤታችሁ ደግሞ ደሴ ነው እንበል። ኮንቴይነሩ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን ሐረጎን በራሱ አይወጣም፤ በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ጭኖ የሚያወጣው መኪና ያስፈልገዋል። ኮንቴይነሩ ኢሜጁ ነው፤ መኪናው ቡታብል ዲስኩ ነው፤ ባዶው ቤት የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ነው። መኪና አገኘሁ ብሎ ዕቃውን ከነኮንቴይነሩ የሚያቃጥል ሰው አይታችኋል? እኔም አላየሁም። መኪናው ብቻውን ቢመጣ ደሴ የሚደርሰው ባዶውን ነው። መጠኑም ይህንኑ ይመሰክራል፤ አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ሲይዝ፣ ሥራ ላይ ያለ ኮምፒውተር ኢሜጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ደግሞም መለያ ቁጥሩ የተፋቀ ኮንቴይነር ወደቡ ውስጥ እያለ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ «ዊንዶውስ ኢሜጅ ባክአፕ» የሚባለውን ፎልደር ስሙን ብትቀይሩት ወይም ሌላ ፎልደር ውስጥ ብትከቱት ዊንዶውስ አያገኘውም።

ወደ አሠራሩ እንለፍ፤ አጭር ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ባክአፕ ኤንድ ሪስቶርን ከፍታችሁ፣ በግራ በኩል «ክሪኤት ኤ ሲስተም ሪፔር ዲስክ» የሚለውን በመጫን ባዶ ሲዲ ወይም ዲቪዲ ታስገባላችሁ። ላፕቶፑ ሲዲ የማይቀበል ከሆነ፣ መፈለጊያው ላይ «ሪከቨሪ ድራይቭ» ብላችሁ በፍላሽ ሥሩት። እኔ ሲዲ ስለሚጫር ፍላሹን እመርጣለሁ፤ ሆኖም ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚሰረዝ የሠርግ ቪዲዮ ያለበትን አትስጡት፤ ትዳር ይነካል። በክሎንዚላ (ኢሜጅ የሚያነሳና የሚመልስ ሌላ ፕሮግራም) የምትሠሩ፣ አይኤስኦውን (የዲስኩን ሙሉ ይዘት የያዘውን ፋይል) ሩፈስ በሚባለው ፍላሽን ቡታብል በሚያደርግ ፕሮግራም ጻፉት፤ እንደ ተራ ፋይል ኮፒ ማድረግ ፍላሹን ቡታብል አያደርገውም። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁም መብራት ሳይጠፋ አድርጉ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ስታበሩ ቡት ሜኑ (ኮምፒውተሩ ከየት እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር) ውስጥ ግቡና ቡታብል ዲስኩን ምረጡ፤ በዴል ኤፍ12፣ በኤችፒ ብዙውን ጊዜ ኤፍ9 ነው። ኢሜጁ ሲወሰድ ኮምፒውተሩ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የኮምፒውተር አነሳስ ዘዴ) የሚነሳ ከነበረ፣ ቡታብል ዲስኩም በዩኢኤፍአይ መነሳት አለበት፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ ኢሜጁን አልመልስም ይላል።

ቡታብል ዲስኩን ኮምፒውተሩ ደህና ሳለ ዛሬውኑ ሞክሩት። በእሱ ስታስነሱ ከሚመጣው ገጽ ትራብልሹት ውስጥ ገብታችሁ ሲስተም ኢሜጅ ሪከቨሪን ስትከፍቱ ኢሜጁ ከነቀኑ ከታያችሁ፣ ካንስል ብላችሁ ውጡ። በእርግጥ የምትመልሱበት ቀን ሲመጣ ግን የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ በኢሜጁ ስለሚተካ፣ ኢሜጁ ከተወሰደበት ቀን በኋላ የሠራችኋቸውን ሰነዶች አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ላፕቶፑም እስኪጨርስ ድረስ ከቻርጀሩ አይነቀል።