ሁለት ዳዮድ፣ አንድ ትራንስፎርመር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከከተማው ጥገና ቤቶች የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ! የጅማ ዝናብ ሳይበግራችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

ጥሩ የ10 ሜጋኸርትዝ ክሪስታል ኦሲሌተር፣ ማለትም የተረጋጋ ፍሪኩዌንሲ የሚያመነጭ ሰርኪት፣ አለን እንበል። የምንፈልገው ግን 20 ነው። እጥፍ ስናደርገው መረጋጋቱ ይበላሻል ወይ?

ብዙ ሰው «አዎ፣ ፌዝ ኖይዙ (የሞገዱ ፌዝ ጥቃቅን መዋዠቅ) በ6 ዲሲቤል ይጨምራል» ይላል። ልክ ነው፣ ይጨምራል። ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ሲሆን የፌዙ መዋዠቅም አብሮ እጥፍ ይሆናል፤ የትኛውም ሰርኪት ከዚህ አያመልጥም። እስቲ እናስላው። ኦሲሌተሩ በ0.1 ኸርትዝ ቢዛነፍ፣ ለ10 ሜጋኸርትዝ ከመቶ ሚሊዮን አንድ ነው። እጥፍ ሲሆን ዝንፈቱ 0.2 ይሆናል። ለ20 ሜጋኸርትዝ ይህም ያው ከመቶ ሚሊዮን አንድ ነው። ስለዚህ በ6 ዲሲቤሏ አትደንግጡ። ከዚያ በላይ ከመጣ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው።

እኔ የምመርጠው ቀላሉን መንገድ ነው፦ ከጥቅሉ መሃል ሽቦ የወጣለት ትራንስፎርመርና ሁለት ሾትኪ (ፈጣን) ዳዮድ። አዎ፣ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ሬክቲፋየር ራሱ ነው። እዚያ በካፓሲተር የምናጠፋውን ሪፕል፣ በየግማሽ ዑደቱ የሚመጣውን ጉብታ፣ እዚህ እንፈልገዋለን። ዳዮዶቹ ግን መመሳሰል አለባቸው። ካልተመሳሰሉ በኦሲሎስኮፕ ላይ አንዱ ጉብታ ረዘም፣ ቀጣዩ አጠር ብሎ ታዩታላችሁ። ያ ሾልኮ ያለፈው 10 ሜጋኸርትዝ ነው።

ኤክስኦር ጌት የሚባለው ዲጂታል ሰርኪትም ይሠራል፣ ርካሽ ነው። ለማይክሮኮንትሮለር ክሎክ ይበቃል። ነገር ግን የገባው ስኩዌር ዌቭ እኩል ለእኩል ካልተከፈለ ዑደቶቹ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ይሆናሉ። ፒኤልኤል፣ ማለትም ሌላ ኦሲሌተርን ከእኛው ጋር የሚያስተሳስር ሰርኪት፣ ደግሞ የራሱን ኦሲሌተር ኖይዝ ይዞ ይመጣል። ለሁለት እጥፍ ብቻ ያን ያህል መድከም ምን ያደርጋል?

ዋናው ችግር ያለው ፊልተሩ ላይ ነው። ከዳዮዶቹ 20 ብቻ ሳይሆን 40ም ከዚያ በላይም ይወጣል፣ መጣራት አለበት። እዚህ ጋ ሁላችንም በጣም ጠባብ ፊልተር ያምረናል። ጠባብ ፊልተር ግን ሙቀት ሲለዋወጥ ፌዙን ያዞረዋል። ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ፤ የጅማን አየር ታውቁታላችሁ። በ20 ሜጋኸርትዝ አንድ ዲግሪ ፌዝ 0.14 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ይህ በ100 ሰከንድ ውስጥ ቢዞር ከትሪሊዮን 1.4 የሚሆን ስህተት ይፈጥራል። ለተራ ክሪስታል ምንም አይደለም። ለሩቢዲየም አቶሚክ ሰዓት ግን ቀላል አይደለም። ሰፋ ያለ ፊልተር ተጠቀሙ፣ ሳጥን ውስጥም ክተቱት። ዳዮዶቹ የቀነሱትን ሲግናል የሚያጎላውን አምፕሊፋየር ደግሞ ከሞባይል ቻርጀር አትመግቡት፣ ኖይዙን ያስገባበታል፣ አደራ።

ቦርዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ኦሲሎስኮፑም ተሰክቷል። መብራት ሳይሄድብን ኑ እንየው።