ከመሶቡ ዙሪያ ማን ይቀመጣል?

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ! ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳውም ሐረር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ከውጪ የባጃጅ ድምፅ ይገባል፣ ታገሱኝ፤ መስኮቱን ከዘጋሁት ክፍሉ ይታፈናል።

በአንድ ተረት ልጀምር። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» ይባላል። ሁላችንም እናውቀዋለን። ስብሰባ ላይ ይተረታል፣ ታክሲ ውስጥ ይተረታል፣ ድፍረት ያበዛ ሰው ሲያጋጥመን ከአፋችን ይወጣል። ሲተርት ሥጋ ደዌን የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔን ግን ሰሞኑን ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል። ምክንያቱም ተረቱ የሚናገረው ስለ ገበታ ነው፤ እጁ ከወጡ እንዳይደርስ ስለተፈለገ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሰውን ማራቅ የሚጀምረው ከመሶብ ነው። ሰላምታ አንከለክልም፣ ሳንቲም አንከለክልም፤ «ኑ፣ እንብላ» የምትለዋን ነው የምንከለክለው።

ለሐረር ሰው ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገራችን ሥጋ ደዌ ላለባቸው ሰዎች ከተቋቋሙት መታከሚያዎች ቀደምት የሆነው የተመሠረተው እዚሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1901 የካቶሊክ ሚስዮናውያን የጀመሩት። ገንደ ፌሮ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው እዚህ ሲያክሙ ከኖሩት ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ከዶክተር ፌሮን ነው። ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ደግሞ የቢሲዲሞ ሆስፒታል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 በጀርመኖች ድጋፍ የተቋቋመው። ከየገጠሩ የመጡ ሰዎች እዚያ ታክመዋል፣ እዚያው ተጋብተዋል፣ ልጅና የልጅ ልጅ አይተዋል። እንግዲህ እኛ ሐረሮች ከእነዚህ ቤተሰቦች ጋር ጎን ለጎን ስንኖር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል።

ስለ በሽታው ቶሎ ቶሎ ልበልና ልለፍ፣ ዋናው ጉዳዬ እሱ ስላልሆነ። ሥጋ ደዌ በዘር አይወረስም፣ እርግማንም አይደለም። የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አግኝቶታል። አብዛኛው ሰው ሰውነቱ በተፈጥሮው ይከላከለዋል፤ ለመያዝ ካልታከመ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ መኖርን ይጠይቃል። መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን። እንደ በሽታው ዓይነት ለ6 ወይም ለ12 ወር ይወሰዳል፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይመጣል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። ጣት የሚያሳጣው ደግሞ ባብዛኛው የነርቭ ጉዳቱ ነው፤ እጅ ስሜት ሲያጣ እሳት ሲፈጀው አያውቅም፣ እሾህ ሲወጋው አያውቅም፣ ቁስሉ ሳይታወቅ ይከርማል። ስለዚህ ድሮ የዳነ ሰው ጣቱ አይመለስለትም። እኛ ደግሞ ጣቱን አይተን «ታማሚ» እንለዋለን።

ይሄን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤትም፣ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይም አንብበነዋል። ታዲያ ለምንድነው ከገበታው ጉዳይ ፈቀቅ ያላልነው?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። እነዚህን ሰዎች አናያቸውም እንዴ? እናያቸዋለን! በየወሩ በ27 ፈረስ መጋላ መድኃኔዓለም ደጅ፣ በየዓርቡ መስጊድ በር ላይ እናያለን። ገንዘብ እንሰጣለን፣ «እግዜር ይማርዎት» እንላለን፣ እነሱም መርቀውን እናልፋለን። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። መተያየት ብቻውን ጥላቻን የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ ሐረር ላይ ድሮ በጠፋ ነበር።

ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ ሲጽፍ ይሄን ነገር አንስቶታል። የተለያዩ ሰዎች መገናኘታቸው ጥላቻን የሚቀንሰው ግንኙነቱ መልክ ሲኖረው ነው ይላል። በዚያች ሰዓት እኩል ሆነው ከተገናኙ፣ የጋራ ዓላማ ካላቸው፣ ለዓላማው አብረው ከሠሩ፣ የሚከበር አካል ወይም ሕግም ግንኙነቱን ከደገፈው። እስቲ የቤተ ክርስቲያን ደጃፉን በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። እኔ ቆሜ እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ሰጪ እሳቸው ተቀባይ። ምጽዋትን እየነቀፍኩ አይደለም፣ የሰጠ እጅ ይባረክ። ነገር ግን ሰውን በዚህ መልክ ብቻ ዕድሜ ልክ ያየ ዓይን፣ ያ ሰው ሌላ መልክ እንዳለው በምን ያውቃል?

ከኦልፖርት በኋላ ብዙ ተጠንቷል። ፔቲግሩና ትሮፕ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ መገናኘት በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ አገኙ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ ያወጡት ነው። የሚቀንሰው በምን በኩል ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ስለዚያ ወገን ማወቅ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ሆነባቸው። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ፍርሃቱ ሲቀንስና የሌላው ስሜት ሲገባን ነው። እንግዲህ የግድግዳው ጽሑፍ ለምን እንዳልበቃ እዚህ ጋ ይታያል። አንድ ሰው ሁሉንም አውቆ፣ ስኒ ሲሰጠው እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።

ስኒ ካልኩ አይቀር፣ ወደ አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። ስም አልጠራም።

የሥራ ባልደረባዬ እናት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው። በልጅነታቸው ነው የታመሙት፣ ቢሲዲሞ ታክመው ድነዋል፣ ከዚያ ወዲህ ልጆች ወልደው ድረዋል። ልጃቸው አንድ እሑድ «ነይ፣ እናቴ ጋ ቡና እንጠጣ» አለችኝና ሄድን። ገና ሳልቀመጥ ጥያቄው ጀመረ። የማን ልጅ ነሽ? እናትሽ አለች? ባልሽስ? ለምን አላገባሽም? (ይሄን ጥያቄ ከሐረር እናቶች ማንም አያመልጠውም።) ስለ ከሰል ዋጋ ተማረሩ፣ ስለ ሽንኩርት ተማረሩ፣ ጎረቤት ልጅ ሙዚቃ እያስጮኸ እንቅልፍ እንደነሳቸው አጫወቱኝ። አቦል አልቆ ቶና ሲመጣ ስለ በሽታ አንድም ቃል አልተነሳም ነበር።

እኔ ግን እጃቸውን አይ ነበር፣ ምክንያቱም ሥራቸው ያስደንቃል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች አጥረዋል። ጀበናውን ሲያነሱ መጀመሪያ የታጠፈ ጨርቅ አንገቱ ላይ ይጠመጥማሉ፣ ከዚያ በሁለት መዳፋቸው ይይዙታል፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ይቀዳሉ። ረከቦቱ ላይ ጠብ አይልም። ጨርቁ ለምን ወፍራም እንደሆነ ስጠይቃቸው «ሙቀቱን አላውቀውማ» አሉኝ፣ ቀለል አድርገው። «መዳፌ ቢቃጠል የማውቀው የተቃጠለው ሲሸተኝ ነው፤ ስለዚህ እጄን አላምነውም፣ ጨርቁን ነው የማምነው።» ማታ ማታ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዝፋሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ ከዚያ ልጃቸው ስንጥቅ ወይም ቁስል እንዳለ ታያለች። አንድም ማታ አይታለፍም።

ስለ ሕመሙ ያወሩኝ ራሳቸው ፈልገው፣ በረካው ላይ ነው። መድኃኒቱ ፊታቸውን አጥቁሮት እንደነበረ፣ እስኪመለስ መስታወት እንደጠሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ከዳንኩ በኋላ ወልጄ፣ ልጄን ድሬ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ሰው አሁንም ሲያገኘኝ ‹ተሻለዎት?› ይለኛል።»

የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነበር፤ ከእኛ ምን ይፈልጋሉ አልኳቸው። ዕርዳታ የሚሉ መስሎኝ ነበር። «ጥሩኝ» አሉ። «ሰርግ ጥሩኝ። ሰው ሲሞትባችሁ ንገሩኝ፣ ልድረስ። እኔ ዘንድ የሚመጣው ካሜራ የያዘ ነው ወይ ዱቄት የያዘ። ልቅሶዬን የሚፈልግ የለም።»

ይሄን ስሰማ ቤቴ እስክገባ ስመላለስበት ቆየሁ። ልቅሶ መድረስ እኮ እኛ ዘንድ የሚሰጥ ነገር ነው። እሳቸው የጠየቁኝ መስጠትን ነው።

ቤት ስገባ ለአክስቴ ነገርኳት፣ እቴቴ ነው የምላት። ቡና እዚያ መጠጣቴን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ስኒውን በፈላ ውሃ አጥበውታል?» አለች። ያን ጊዜ ስለ ባክቴሪያው ላስተምራት እችል ነበር። ግን ቀደም ብዬ ያነበብኩት ጥናት ትዝ አለኝ፤ ብሩክማንና ካላ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት። ማያሚ ከተማ ውስጥ ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች፣ ማለትም ሲወለዱ ከተባለላቸው ጾታ የተለየ ነን ስለሚሉ ሰዎች፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ያነጋግራሉ። የእነሱ ርዕስ ሌላ ነው፤ እኔን የሳበኝ አካሄዱ ነው። አይከራከሩም፣ አይሰብኩም። ይጠይቃሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ከዚያ «አንተስ ከሰው ተለይተህ የታየህበት ጊዜ ነበር?» ይላሉ። ለውጡ ከሦስት ወር በኋላም ሲለካ አልጠፋም ነበር።

እኔም ጠየቅኳት። «እቴቴ፣ አንቺን ሰው ሸሽቶሽ ያውቃል?»

ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ የድሬዳዋ ልጅነቷን አወጣች። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ጎረቤት ቡና ሲጠራ የእሱ ስኒ ለብቻ ነበር፤ እንዳይደባለቅ ጆሮው ላይ ቀይ ክር አስረውበታል። ከዳነም በኋላ ክሩ አልተፈታም። ለሷም፣ ልጁ ስለሆነች ብቻ፣ በዚያው ስኒ ይቀዱላት ነበር። እኔ ይሄን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስታወራው ክሩን በጣቷ እየፈታች ነበር የሚመስለው፣ አየር ላይ።

ወዲያው ተነስታ እማማ ጋ አልሄደችም። አሁንም አልሄደችም። ግን ባልደረባዬ ስትደውልልኝ «እናትሽ እንዴት ናቸው በያት» ትለኛለች፣ በዓል ሲደርስም ከድፎ ዳቦው ቆርሳ «ለእሳቸው ውሰጂ» ብላኛለች። ስለ ስኒ ዳግም አልጠየቀችኝም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ፊት ለፊት መነጋገር ጥሩ ነው ሲባል፣ ሸክሙ ሁሉ በተገለለው ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። እማማ ታሪካቸውን ለመጣ ሁሉ የመናገር ዕዳ የለባቸውም። ተማሪ በአውቶቡስ ጭኖ ወስዶ «እስቲ ይንገሩን» ማለት እኩልነት የለበትም፤ ተመልካችና የሚታይ ነገር ነው የሚፈጠረው። የእቴቴ ጨዋታ እኮ እማማ በሌሉበት ነው የሆነው። ቤታችን ውስጥ እኛው ለእኛው የምናወራው ብዙ አለ።

ደግሞ ኦልፖርት የዘረዘረው ነገር አገራችን ውስጥ ስም ያለው ነገር ነው። እድር ነው። ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት። መዋጮው እኩል ነው፣ ሀብታሙም ደሃውም ያንኑ ይከፍላል። ድንኳን አብሮ ይተከላል፣ ሬሳ አብሮ ይሸኛል፣ ለቀስተኛው አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ንፍሮ ይዘግናል። ዳኛ አለው፣ ደንብ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። እማማም እድርተኛ ናቸው፤ የሰፈራቸው እድር ግን አባላቱ በሙሉ እንደሳቸው የታከሙ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ከእኛ እድር ጋር የሚለያያቸው አንድ መንገድ ነው።

ለእኛ እድር ዳኛ ነገሩን አንስቼላቸዋለሁ። መንገዱ ማዶ ያሉ ቤተሰቦች የሚፈልጉ ከሆነ እንዲመዘገቡ። «ለጉባኤው አቅርቢው» ብለውኛል። «የራሳቸው እድር አላቸው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በሁለት እድር የተመዘገቡ አባላት እኮ ከአሁኑም አሉን፣ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። የመግቢያውን ገንዘብ እማማ ራሳቸው እንደሚከፍሉ ነግረውኛል፣ «እንዳትከፍይልኝ» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ጉባኤው ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ ነው። የተባለውን በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ፤ እናንተም በእድራችሁ ይሄ ተነስቶ የሚያውቅ ከሆነ ጻፉልኝ፣ ደንቡ ላይ ምን ብላችሁ እንዳስገባችሁት ማየት እፈልጋለሁ። ቸር ሰንብቱ።