«ዘሩን ካቋረጥሽ በረከትሽ ይቋረጣል» ለተባለችው እህት፣ እና ሌሎች የአድማጮች ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት የደወላችሁት ብዙዎቻችሁ በስልክና በቴሌቪዥን ስለምታዩአቸው አገልጋዮች ነው የጠየቃችሁት። ሰዓቱ አልበቃንም ነበርና በጥድፊያ ያለፍኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

«ፓስተር፣ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። በዩቲዩብ ለምከታተለው ነቢይ በየወሩ ዘር፣ ማለትም በረከት ይመጣበታል የሚሉትን የስጦታ ገንዘብ፣ እልካለሁ። አሁን እናቴ ታማለች። ዘሩን ትቼ ለእሷ ልላክ ስል አብረውት የሚያገለግሉት ሰዎች በዋትስአፕ "ካቋረጥሽ በረከትሽ ይቋረጣል፣ የእናትሽም ሕመም ይብሳል" አሉኝ። ፈራሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ለእናትሽ ላኪ። ዛሬውኑ ላኪ። ይሄንን የምልሽ ከራሴ አይደለም። ማርቆስ 7ን ክፈቺና ከቁጥር 9 ጀምረሽ አንብቢ። እናትና አባታቸውን ሊረዱበት የሚገባውን «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» እያሉ የሚያስቀሩ ሰዎች ነበሩ። ጌታ ኢየሱስ መንፈሳዊነታቸውን አላደነቀም፤ የእግዚአብሔርን ቃል ሽራችኋል ነው ያላቸው። የታመመች እናት መርዳት ከእግዚአብሔር መስረቅ ሆኖ አያውቅም።

ሁልጊዜ የሚጠቅሱልሽ «በጥቂት የሚዘራ በጥቂት ያጭዳል» የሚለውን እንደሚሆን እገምታለሁ። 2ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ነው ያለው። ግን ምዕራፍ 8ን አብረሽ አንብቢ። ጳውሎስ ያን ገንዘብ የሚያሰባስበው በኢየሩሳሌም ላሉ ድሆች አማኞች ነው፤ ለራሱ ኪስ አይደለም። ብቻውንም አልያዘውም። አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የመረጡት ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ፣ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን ብሎም ጻፈ። እንግዲህ ያንቺን ገንዘብ ማን ይቆጥረዋል? ለማን ሪፖርት ይቀርባል? ጠይቂያቸው። ቅን አገልጋይ ይሄ ጥያቄ አያስቆጣውም።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ዲዳኬ የሚባል ከሐዋርያት ዘመን ብዙም ያልራቀ የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ አለ። በመንፈስ ነኝ ብሎ «ገንዘብ ስጡኝ» የሚላችሁን አትስሙት፣ ለተቸገሩ ሌሎች ስጡ ቢል ግን ማንም አይፍረድበት ይላል። ያኔም እንደዛሬው ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ነቢያት ነበሩ፣ ያኔም ምእመናኑ ተቸግረው ነበር፣ መሪዎቹ ግን ፈርተው ዝም አላሉም።

ስለ ማስፈራሪያው ደግሞ ልንገርሽ። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥3 ትንቢት ለማነጽ፣ ለመምከርና ለማጽናናት እንደሆነ ይናገራል። እናትሽ ታማ እያለች፣ ሌሊት በሰው አገር ብቻሽን ስታለቅሺ «ካልከፈልሽ ይብስባታል» የሚል መልእክት ከሦስቱ የትኛው ነው? ሳውዲ ውስጥ በግልጽ የምትሄጂበት ቤተ ክርስቲያን እንደሌለ አውቃለሁ። ስልኩ ቤተ ክርስቲያንሽ ሆኗል፣ ለዚህ ነው ነገሩ ልቤን የሚያቃጥለው። መልእክቶቹን አስቀምጪ፣ ቁጥሩን ብሎክ አድርጊ፣ የኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ወይም የባንክ ደብተርሽን ፎቶ ከእንግዲህ አትላኪላቸው። ከዚያ አገር ቤት ስታድጊ የምታውቅሽን ቤተ ክርስቲያን ደውዪና ከሽማግሌዎቹ አንዱን በስም ጠይቂ። እናትሽን ሄዶ የሚያይ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ የሚጸልይላት ሰው ያስፈልግሻል።

«ከሀዋሳ ነው። መሪያችን የሚያስተምረው ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አልገጥም ሲለኝ ጠየቅኩት። "የተቀባውን አትንካ" ተባልኩ። መጠየቅ ኃጢአት ነው?»

አይደለም ወንድሜ። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለው መዝሙር 105 ላይ ነው፤ የሚናገረውም አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ በነገሥታት አገር እንግዳ ሆነው ሲዞሩ እግዚአብሔር እንዴት እንደጠበቃቸው ነው። ሰባኪ አይጠየቅም የሚል ነገር እዚያ የለም።

ዳዊትስ ይሉህ ይሆናል። አዎ፣ ዳዊት እግዚአብሔር በቀባው በንጉሡ በሳኦል ላይ እጁን አላነሳም፤ አልገደለውም። ግን 1ኛ ሳሙኤል 24ን እስከ መጨረሻው አንብበው። ከዋሻው ወጥቶ፣ ከሳኦል ልብስ የቆረጠውን ቁራጭ በእጁ ይዞ፣ ሳኦልን በደሉን ነገረው። እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ አለው። ጥቅሱን የሚያስታውሱን ሰዎች ይቺን ክፍል ይዘሏታል። ዳዊት ራሱ ሲነግሥ ደግሞ ነቢዩ ናታን መጥቶ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው፤ ዳዊትም የተቀባሁ ነኝ አላለም፣ በድያለሁ አለ። ጳውሎስም ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት ተቃወመው። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ስብከት ነገሩ እንደዚህ ይሆንን እያሉ ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ሲመረምሩ ሉቃስ ልበ ሰፊዎች ብሎ አመሰገናቸው። ሐዋርያ ከተመረመረ የዛሬ አገልጋይ የማይመረመርበት ምክንያት አይታየኝም።

አካሄዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር በሽማግሌ ላይ ክስ አትቀበል ይላል። ስለዚህ በቲክቶክ አትጀምር። አንድ የምታምነው ሰው ይዘህ እሱን ራሱን አነጋግር፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎችን፣ ከዚያም ቤተ እምነቱ የበላይ ጽሕፈት ቤት ካለው ወደዚያ ሂድ። የበላይ የሚባል ነገር ጨርሶ ከሌለ፣ እሱን የሚጠይቅ አንድም ሰው ከሌለ፣ ይሄ ብቻውን ብዙ ይነግርሃል። ነገሩ ወንጀል ከሆነ ግን፣ የተደፈረች ልጅ ካለች፣ የተጭበረበረ ቤት ወይም ገንዘብ ካለ፣ ቀጥታ ፖሊስ ጋ ነው የሚኬደው። ሽምግልና የወንጀል መሸፈኛ እንዲሆን መፍቀድ የለብንም።

«ወጣቶች እሰብካለሁ። ስብከት በቻትጂፒቲ ባዘጋጅ ችግር አለው?»

ለመፈለጊያ ተጠቀምበት። ጥቅሱን ግን ከራስህ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠህ አረጋግጥ፤ የሌለ ጥቅስና ያልተባለ ንግግር አሳምሮ ይጽፋል። ያልጸለይክበትን፣ አንተን ራስህን ያልነካህን ነገር ግን መድረክ ይዘህ አትውጣ። ልጆቹ ያውቁብሃል።

«አዲስ አበባ ነኝ፣ ስሜ ይቆይልኝ። ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ አለ። ተጸልዮልኝ "ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን መውሰድ አለማመን ነው" ተባልኩ። ካቆምኩ ሁለት ወር ሆነኝ።»

ወንድሜ፣ ስለደወልክ እግዚአብሔር ይባርክህ። እኔም እግዚአብሔር ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ። ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ ግን ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ አላቸው፤ በዘሌዋውያን ሕግ መሠረት መርምሮ «ነጽቷል» የሚለው ካህኑ ነበርና። ጌታ ራሱ ያደረገው ፈውስ እንዲመረመር ላካቸው! ታሞ የነበረውን ንጉሥ ሕዝቅያስንም እይ። ኢሳይያስ «እፈውስሃለሁ» የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል ይዞለት መጣ፣ ወዲያውም የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና በእባጩ ላይ አድርጉ አለ። ተስፋውም ሕክምናውም ከአንድ ነቢይ አፍ ወጡ።

ይሄ የእኛ የወንጌላውያን ችግር ብቻም አይደለም። እንጦጦ ማርያም ብዙ ሕሙማን መድኃኒት ትተው ይጠመቁ በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። የስንቱን ቤት እንደታደገ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

መድኃኒቱ ሲቆም ቫይረሱ እንደገና ይባዛል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። ድሮ ምርመራህ «አይታይም» ብሎህ ከነበረም መድኃኒቱ ስለያዘው ነው፤ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ነገ ጠዋት መድኃኒት ትወስድበት ወደነበረው ጤና ተቋም ሂድ። ሁለት ወር እንዳቆምክ በግልጽ ንገራቸው፣ አትፈር፣ እንዴት እንደምትጀምር እነሱ ይነግሩሃል። ባለቤት ካለችህ እሷም ትመርመር። የጸለየልህ ሰው ለምን ሄድክ ካለህ፣ ሉቃስ 17 ላይ ያለውን የአሥሩን ለምጻሞች ታሪክ አንብብለት።