ሉፕ እስከ አምስተኛው ቀን

አዘጋጅ፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን አላችሁ። ዛሬም ከደብረ ብርሃን ከሲስተር ጋር ነን። ሲስተር፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ፖስት ፒል ነው።

ሲስተር፦ አዎ፣ ክኒኑን ሁሉም ያውቀዋል። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ትንሹ መከላከያ፣ ሉፕም፣ ለዚህ እንደሚሆን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። በጣም ይቆጨኛል። ካሉት ድንገተኛ መከላከያዎች አስተማማኙ እሱ ነዋ! ኮፐር፣ ማለትም መዳብ፣ ያለበትን ሉፕ ማለቴ ነው። ያለ መከላከያ ግንኙነት በተደረገ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ፣ ከ99 በመቶ በላይ እርግዝናን ይከላከላል።

አዘጋጅ፦ ከክኒኑ በምን ይለያል?

ሲስተር፦ ክኒኑ እንቁላሏ እንዳትወጣ ያዘገያል። ቀድማ ከወጣች ብዙም አይረዳም። ደግሞ ቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሠራው፣ በ3 ቀን ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ኮፐሩ ግን የወንዱን ዘር ያዳክመዋል፤ ከእንቁላሏ ጋር አይገናኝም። ከዚያም እዚያው ይቆይና እስከ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይከላከላል። መውለድ ስትፈልግ ታስወጣዋለች።

አዘጋጅ፦ ለእኛ አካባቢ ይሄ 5 ቀን ትልቅ ነገር ነው። መንዝ ገጠር ያለች ሴት ከተማ እስክትወርድ ቀኑ ይሄድባታል።

ሲስተር፦ ልክ ነሽ። እሑድ የሆነ ነገር እስከ ዓርብ ጊዜ አለው። ግን ጊዜ አለኝ ብላ አትቀመጥ። ሉፕ የሚያስገባው የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ በሄደችበት ቀን ላይኖር ይችላል። ቀድማ ትደውል፣ ወይ የጤና ኤክስቴንሽኗን ትጠይቅ። ዛሬ ካልተቻለ ክኒኑን ዛሬውኑ ትዋጥ፣ ለሉፑ ደግሞ ነገ ትሂድ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነጻ ነው። የባል ፈቃድም አያስፈልግም።

አዘጋጅ፦ ይሄን ድገሚልኝ እስቲ።

ሲስተር፦ የባል ፈቃድ አያስፈልግም። የራሷ ውሳኔ ነው።

አዘጋጅ፦ ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል፣ መካን ያደርጋል የሚሉስ?

ሲስተር፦ ወደ ልብ የሚያደርስ መንገድ የለም። ማህፀን አፉ እንደታሰረ ከረጢት ነው። ሲገባ ማህፀንን የመብሳት አደጋ አለ፣ ግን በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። መካንም አያደርግም፤ ያልወለደች ወጣትም ልትጠቀመው ትችላለች። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባ ይበዛል፣ ቁርጠትም ይኖራል። ይሄን ቀድመን ካልነገርናት ደንግጣ ታስወጣዋለች።

አዘጋጅ፦ የማይሆንላትስ ሴት አለች?

ሲስተር፦ አለች። ያረገዘች፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት፣ ያልታከመ የአባላዘር ኢንፌክሽን ያለባት። ለዚህ ነው ቀድመን የምንመረምረው። ኤችአይቪንም አይከላከልም፣ ኮንዶም ያስፈልጋል።

አዘጋጅ፦ ተገዳ የተደፈረች ሴትስ?

ሲስተር፦ እሷ ምንም ሳትጠብቅ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። እርግዝናውንም እዚያው እናያለን። ማንም ጥፋተኛ ሊያደርጋት አይገባም።

አዘጋጅ፦ ሉፑ ከገባ በኋላስ?

ሲስተር፦ የወር አበባዋ ከቀረ፣ ከግንኙነቱ 3 ሳምንት በኋላ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ። ትኩሳት ወይ ብርቱ የሆድ ሕመም ከመጣባት ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ያኔውኑ ትመለስ።